የይልማ ፍሪሲዮንና የቦዲቲ አማቶቻችን

ከቦዲቲ ከተመለስኩ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ በሰላም ወጥቼ መግባት አልቻልኩም። ጎረቤቱ ሁሉ መንገድ ላይ ያስቆመኝና «እህ፣ ወላይታ እንዴት ነው?» ይለኛል። በዚህ ብርድ ቆሞ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ መጻፉን መረጥኩ። የምጽፈው ሄዳችሁ ለማታዩት ነው፤ አብዛኞቻችሁ ከጠባሴ ወዲያ ለመሄድ እንኳ ሁለት ቀን እንደምታስቡ አውቃለሁ። ስለ ፏፏቴና ስለ ተራራ የሚጠብቅ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ በአብዛኛው ያየሁት የአንዲት መኪና ሆድ ዕቃ ነው።

የሄድንበት ጉዳይ ይህ ነው። ልጃችን ህሊና ነርስ ናት። ቦዲቲ ተመድባ ሄደች፤ እዚያው ታምራት የሚባል የሂሳብ መምህር አገባች፤ አሁን ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። በእኛ ቤት ደንብ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ባለቤቴ የገንፎውን ገብስ አስፈጭታ፣ የአራሷን ክፍል አስለቅልቃ ጨርሳለች። የቀረው ህሊናን ማምጣት ብቻ ነበር። ያ ሥራ ለእኔና ለአጎቷ ለይልማ ተሰጠን።

ሐሙስ

ይልማ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ወፍጮ ቤት አለው፤ የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ አልጋ የምታህል አሮጌ ነጭ መኪናም አለችው። መኪናዋን ከሱ በቀር ማንም አይነዳትም፣ ማንም አይነካትም፣ ቢቻል ማንም አያያትም። ባለቤቴ ከኋላ ፍራሽ አነጠፈች፣ ትራስ ደረደረች፣ ጋቢ ደረበችበት። ለነፍሰ ጡር ተብሎ የተነጠፈውን ፍራሽ እኔ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተኝቼበት ሄድኩ።

ይልማ ከመነሳታችን በፊት በነበረው ምሽት ፍሪሲዮኑን «አስተካክሎት» ነበር። መኪና ለማታውቁ ላስረዳ። ፍሪሲዮን በግራ እግር የሚረገጠው ነው፤ ሲረገጥ ሞተሩን ከጎማው ያላቅቃል፣ ሲለቀቅ መልሶ ያገናኛል። በአንዳንድ መኪና በሽቦ ይጎተታል፤ በይልማ መኪና ግን በዘይት ነው። ፔዳሉ አንዲት ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጓ የላይኛውን ፖምፓ፣ ፖምፓው ዘይቱን፣ ዘይቱ ደግሞ ታች ያለውን ሌላ ፖምፓ። ፔዳሉ ዘንጓን ከማግኘቱ በፊት ትንሽ ባዶ እርግጫ ይኖረዋል። ይልማን የከነከነው ይህ ባዶ እርግጫ ነው። የወፍጮ ቤት ሰው ስለሆነ አንዲት ፍሬ መሬት ስትወድቅ ያመዋል።

«ይህ ሁሉ እርግጫ በከንቱ ለምን ይባክናል?» ብሎ ዘንጓን አስረዝሞ፣ ዳዶውን አጥብቆ፣ ባዶውን ደምስሶት አደረ። «አሁን ገና ሳስባት ትሰማኛለች» አለኝ።

ዝዋይ አደርን። ስለ ሆቴሉ የምለው የለኝም፤ ዓሣው ግን ከነጭንቅላቱ ሰሃኑን ሞልቶ ነበር። እኛ አገር ዓሣ የሚበላው በጾም ክርክር ጊዜ በአፍ ብቻ ነው። ብርድ ልብስ ጠይቄ አስተናጋጁ በጣም ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፤ ሌሊቱን በሩን ከፍተን መተኛት አማረን። ይልማ ግን መኪናዋ እንዳትሰረቅ መስኮቱ ሥር ካላቆምኳት ብሎ ከዘበኛው ጋር ተጨቃጨቀ።

ዓርብ

እስከ ሻሸመኔ ድረስ መኪናዋ ይልማን ሰማችው። ሀላባ ላይ ቆመን በመንገዱ ዳር እንደ ቀይ ምንጣፍ የተሰጣውን በርበሬ አየን፤ ይልማ «ይህ ሁሉ እኔ ወፍጮ ቤት ቢመጣ!» ብሎ አለቀሰ ማለት ይቻላል። ሾኔን አልፈን ዳገት ዳገቱን ስንይዝ የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ነገር ሸተተኝ።

«ይሸታል» አልኩት።

«ከውጭ ነው። የሆነ ገበሬ ቆሻሻ ያቃጥላል» አለና መስኮቱን ዘጋ። ሽታው ባሰ።

ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ይልማ ነዳጁን በረገጠ ቁጥር ጩኸቱ ይጨምራል፤ አንዲት ውሃ የጫነች አህያ በጎናችን አልፋን ሄደች። ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። ባዶ እርግጫ ስለሌለ ዘይቱ መመለሻ አጥቷል፤ ሲሞቅ ያብጣል፤ ሲያብጥ ማንም ፔዳሉን ሳይረግጥ ራሱ ይረግጠዋል። ፍሪሲዮኑም ሳይለቀቅ ሳይያዝ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። የዚያን ጊዜ ግን የማውቀው ባለቤቴ ፍራሽ ያነጠፈችባት መኪና ዳገት ላይ እንደምትጤስ ብቻ ነበር።

በእኛ አገር መኪና ሲበላሽ ሰው ይሰበሰባል፤ እዚያም ይሰበሰባል። ልዩነቱ፣ የእኛ ሰው መጀመሪያ «ከየት ነው የመጣችሁት?» ይላል፣ እዚያ ግን መጀመሪያ የሚበላ ይመጣል። አንድ ገበሬ ከቤቱ የተቀቀለ ስኳር ድንች በኮባ ቅጠል ይዞ መጣና «ብሉ፣ መኪናው እስክትበርድ» አለን። ዓርብ መሆኑን ሳንነግረው ጾማችንን የሚያከብር ምግብ በመምጣቱ ተደሰትኩ። እሱ ከመኪናዋ በፊት የእኛን ሆድ ማየቱ በእውነት ደስ አሰኘኝ።

ይልማ ግን በድንች የሚታለል ሰው አይደለም። መኪናዋ ሥር ገባና ከታችኛው ፖምፓ ላይ አንዲት ትንሽ ብሎን ላላ አደረገ። «ትንሽ ትንፋሽ ትውሰድ» አለ። ዘይቱ ጩርር ብሎ ወጣ፤ መንሸራተቱም ተወ። ይልማ እንደ ሐኪም እጁን እየጠረገ ወጣ። ችግሩ፣ ዘይቱ በወጣበት በኩል አየር ገብቷል። አየር ደግሞ እንደ ዘይት አይገፋም፣ ይጨመቃል እንጂ። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ጥጥ መሬት ድረስ ይሄዳል፣ ማርሽ ግን አይገባም። ያለን አማራጭ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ በማርሹ ማስነሳት ነበር። ቦዲቲ የገባነው እንደ ፍየል እየዘለልን ነው። ባጃጆቹ መንገድ ለቀቁልን።

የታምራት እናት ወይዘሮ ማርታ በር ላይ ጠበቁን። «ሳሮ! ሳሮ! እንኳን ደህና መጣህ! ግቡ!» እያሉ እኔን በአንተ፣ ይልማን በእናንተ፣ መኪናዋን አንዴ በወንድ አንዴ በሴት እየጠሩ አስገቡን። ወይዘሮ ማርታ ጴንጤ ናቸው፤ ዓርብም እንደ ማንኛውም ቀን ሥጋ ይበላሉ። ለእኛ ግን ሥጋ ነክቶት በማያውቅ አዲስ ድስት ጎመንና ጎደሬ ሠርተው ጠበቁን። «ድስቱን ዛሬ ነው የገዛሁት። አትጠራጠር» አሉኝ። እኔ አንድም ቀን ጴንጤ እንግዳ ቤቴ ቢመጣ ምን ልሥራለት ብዬ አስቤ አላውቅም። ይልማ ደግሞ ወላይታ ድረስ መጥቶ ጎመን በመብላቱ አዘነ።

ህሊና ሆዷ ወደፊት ቀድሟት መጣች። አቀፈችኝ። ፊቷ ሞልቷል። «አባዬ፣ መቼ ነው የምንሄደው?» አለችኝ።

«ፍሪሲዮኑ እንደተሠራ» አልኳት።

«ተበላሸ እንዴ?» አለች። ከዚያ ቁጭ ብላ የእኔን ድርሻ ጎደሬ ጭምር በላች።

ቅዳሜ

ጠዋት የታምራት ታላቅ ወንድም ጴጥሮስ ከሶዶ መጣ። የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነው፤ ከዚያ በፊት ጋራዥ ሠርቷል። ረጅም ነው፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚናገረው። ፔዳሉን በእጁ ጫን ጫን አደረገ። ከዚያ ይልማን እያየ፣ «ጋሼ ይልማ፣ አሳምረው ነው ያጠበቁት። እንዲህ ጥብቅ አድርጎ የሠራ ሰው አይቼ አላውቅም። እንደው ትንሽ ብቻ ብናላላው ቅር ይልዎታል?» አለው።

ይልማ ሰው ሲሰድበው የሚናደደውን ያህል ሰው ሲያከብረው ግራ ይገባዋል። «አላላው» አለ።

ጴጥሮስ ዳዶውን ፈታ፣ ዘንጓን አሳጥሮ መልሶ አጠበቀ፣ ፔዳሉን በጣቱ እየገፋ ባዶ እርግጫው መመለሱን አሳየን። ያ ሥራ ብዙም አልፈጀ። የቀረው አየሩን ማውጣት ነው። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ፔዳሉን ደጋግሞ ይረግጥና ይይዛል፤ ሌላው ሥር ገብቶ ያቺን ብሎን ይከፍታል፣ አየሩ ሲወጣ ይዘጋል። ያዡ ብሎኑ ሳይዘጋ ከለቀቀ፣ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ ከሥር «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» የሚል ጩኸት ትሰማላችሁ።

ወንበሩ ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ጴጥሮስ ከሥር፦

«ጋሼ፣ እንግዲህ ደስ ካለዎት፣ ቀስ ብለው ይረግጡልኛል?»

ረገጥኩ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ደግሞ ካላስቸገርኩዎት፣ እንደረገጡ ትንሽ ቢቆዩልኝ፣ እኔ እስክነግርዎት ድረስ…»

ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ እግሬ ደክሞት ለቀቅኩ። አየሩ ጉርር ብሎ ተመለሰ። ጴጥሮስ ለዚያም አመሰገነኝ። ደግመን ሞከርን፤ ምስጋናው ረዘመ እንጂ ፔዳሉ አልጠነከረም።

«በቃ 'ያዝ' በለኝ» አልኩት።

ወይዘሮ ማርታ ከደጁ ሆነው ሰሙኝና ደነገጡ። «ለወንድሙ አማት 'ያዝ'? ነውር ነው! ለአማት እንዲህ አይባልም» አሉ። ጴጥሮስም ከመኪናው ሥር «ነውር ነው፣ ጋሼ» አለ። እኛ አገር አማት ይፈራል፤ ግን ፍሬን ሲበጠስ አማትም ቢሆን «ዝለል!» ይባላል። እዚያ ግን መከባበሩ መኪና አያውቅም።

ይልማ ተተካ። እሱ ደግሞ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከሥር ላለው ሰው ትእዛዝ ስለሚሰጥ ነገሩ ተገለባበጠ። በመጨረሻ ጴጥሮስ ወጣና «የታችኛው ፖምፓ ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚያሽገው ላስቲክ፣ አርጅቷል። ሶዶ ሄደን እንገዛለን። ሰኞ» አለ። ህሊና በመስኮት «ተሠራ?» ብላ ጠየቀች። አልተሠራም ስላት «አይዞህ አባዬ» አለችኝና ወደ ውስጥ ገባች። የነፍሰ ጡር ትዕግሥት ገረመኝ።

እሑድ

እኛ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳምን፤ ከዚያ ወይዘሮ ማርታ «እንግዳ ቤት ጠባቂ አይደለም» ብለው ወደ እነሱ ጸሎት ቤት ወሰዱን። ከኋላ ተቀመጥን። ዝማሬው ወላይትኛ ነበር፤ ቃሉ ባይገባኝም እግሬ መታ መታ ማድረጉን ይልማ አይቶኛል፤ እባካችሁ እቤት አትንገሩብኝ። ከዚያ ሽማግሌው ተነሱና፣ ከሩቅ የመጡ እንግዶች እንዳሉ፣ መኪናቸው እንደታመመች ተናግረው «እንጸልይላት» አሉ። ሕዝቡ ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። በሕይወቴ የተጸለየለት ፍሪሲዮን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ይልማ ልቡ ተነክቶ አንገቱን ደፋ። ለመኪናው ይህን ያህል ክብር የሰጠ ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ አላገኘም።

ጸሎቱ ሲያልቅ ሥራው ተከተለ። ከጸሎት ቤቱ መኪና መንዳት የሚችለው ሁሉ በየተራ ግቢያችን መጣ። ዘመኑ አንድ ለአምስት ተደራጁ የሚባልበት ነውና፣ ለአንድ ፔዳል አምስት ሰው ደረሰ። አንዱ የሶዶን ዳገት ስለሚነዳ ፔዳሉ ከላይ እንዲይዝ ይወዳል፤ ዳዶውን ትንሽ አዞረ። ሌላው ከአረካ ሚኒባስ የሚነዳ ነው፤ «ይህ እግር ይሰብራል» ብሎ መልሶ አዞረ። ሁሉም በቅን ልብ ነው፤ ሁሉም ሲወጣ «ጌታ ይርዳችሁ» ይለናል። ማታ ጴጥሮስ መጥቶ ፔዳሉን ረገጠው። ከዚያ ሁሉንም እንደገና እንደነበረ አደረገው።

እራት ላይ ህሊናን ሻንጣሽን አዘጋጅተሻል ወይ አልኳት። «አንድ ቀን ይበቃል ለእሱ» አለች። ባሏ ታምራት ሳህኑን አየ። ብዙ የማይናገር ልጅ ነው፤ የሂሳብ መምህር ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሰኞ

በሚኒባስ ሶዶ ሄድን። ዳሞታ ተራራ ከከተማው በላይ ደመናውን ለብሶ ቁጭ ብሏል፤ ከተማዋ እግሩ ሥር ተንጠልጥላለች። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ስለሆነች ሰው ከሩቅ ሲመጣ ታያለህ፤ ሶዶ ግን ሰላምታ ሊሰጥህ የሚመጣው ሰው ከታች በኩል መጀመሪያ ኮፍያው ነው የሚታይህ። ይልማ ሦስት ጊዜ አርፎ፣ ከተማውን «ያለፍሪሲዮን የማይኬድ» አለው።

የመለዋወጫ ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ጴጥሮስን ያውቀዋል፤ የጠየቅነውን ጎሚኒ ከመደርደሪያ አወጣ። ጴጥሮስ አጠፈው፣ አሸተተው፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ አየውና «ሌላ ቦታ ደግሞ እንይ» አለ። ሌላ ቦታ አየን። ከዚያም ሌላ ቦታ። ከዚያ «ሰው ሳይበላ አይገዛም» ብሎ ሥጋ ቤት አስገባን።

ይልማ ከሐሙስ ጀምሮ የጠበቀው ሰዓት ደረሰ። ጥሬ ሥጋው ከነዳጣው ቀረበ። ዳጣ የሚሉት በእርጥብ ቃሪያ የሚሠራ አረንጓዴ ማባያ ነው፤ መልኩ ትሁት ነው። እኛ ሚጥሚጣ የለመድን ሰዎች ነንና ይልማ በትልቁ ጠቀሰ። ለትንሽ ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ዓይኑ እንባ አዘለ፣ ጆሮው ቀላ፣ እጁ ውሃ ፍለጋ ጠረጴዛውን ዳሰሰ። ጴጥሮስ በጣም ተጨንቆ «ጋሼ ይልማ፣ ካላስቸገርኩዎት፣ ወተት ይሻላል» አለው። ይልማ ወተቱን ጠጥቶ እንደገና ጠቀሰ። ለሥጋ ሲል የማይችለው ነገር የለም።

ከምሳ በኋላ ተመልሰን ከመጀመሪያው ሱቅ ያንኑ ጎሚኒ ገዛን። ይህ የገበያ ልማድ ነው ብዬ ተቀበልኩ። እኛም ሐሙስ ገበያ አንድ በግ ለመግዛት ሁሉንም በግ እንጨብጣለን። ቦዲቲ ስንደርስ መሽቶ ነበርና ሥራው ወደ ነገ ተላለፈ።

ማክሰኞ

ጴጥሮስ ጎሚኒውን ቀየረ፤ ዘይት ሞላ። እኔ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። «ጋሼ፣ እንግዲህ ፈቃድዎ ከሆነ…» ሲል ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጴጥሮስ፣ ስማኝ» አልኩት። «እግሬ እዚህ ፔዳል ላይ እስካለ ድረስ የወንድምህ አማት አይደለሁም። የጋራዥ ረዳትህ ነኝ። ልጄ የምትወልደው ወይ ቤቴ ነው፣ ወይ በዚህ ዓይነት መንገድ ላይ ነው። እዘዘኝ!»

ወይዘሮ ማርታ ከደጁ ላይ ተነስተው እንዳይሰሙ ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ከመኪናው ሆድ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ወጣ፦

«ርገጥ!»

ረገጥኩ።

«ያዝ! እንዳትለቅ! ያዝ!»

ያዝኩ። ጩርር አለ።

«ልቀቅ! ድገም!»

ይልማ ጣሳ ይዞ ዘይት እየሞላ አጨበጨበ። ጥቂት ጊዜ ደጋገምነው፤ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ሲጠነክር ተሰማኝ። መጀመሪያ ትንሽ ባዶ፣ ከዚያ ጥብቅ። ማርሹ እንደ ቅቤ ገባ። እንዲያ በቀላሉ ማለቁን ሳይ መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ነገሩ ከነከነኝ። ቅዳሜ ያልሆነው ለምንድን ነው? ያ ጎሚኒ ለምን ሶዶን ሁሉ አዞረን? እንዲህ መጮህ የሚችል ሰው ለምን ያን ሁሉ ቀን አመሰገነኝ?

ጴጥሮስ ከሥር ወጣ። ፊቱ ዘይት ነው። እኔን አላየኝም፤ መስኮቱን አየ። መስኮቱ ላይ ህሊና ቆማለች።

ወጥታ አጠገቤ መጣች። «አባዬ፣ ጴጥሮስን እንዳትቆጣው። ነገ በሉት ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«የመጣህ ዕለት አልሄድም ልልህ ነበር። ከኋላ የተነጠፈውን ሳይ ቃሉ ጠፋኝ። ከዚያ መኪናዋ ተበላሸች አልክ፤ ተመስገን አልኩ። እስከ ነገ ብርታት አገኛለሁ እያልኩ…» አለቀሰች። «እዚህ መውለድ እፈልጋለሁ። ታምራት ትምህርት ጥሎ አይመጣም፤ ሲወለድ አጠገቤ እንዲሆን እፈልጋለሁ። አዋላጇን አምናታለሁ፣ አብረን ነው የምንሠራው። እማዬን ደግሞ እፈልጋታለሁ፤ በጣም እፈልጋታለሁ። ግን ቤቴ እዚህ ነው አባዬ።»

ቤቴ ስትል እስከዛሬ የእኛን ማለቷ ነበር። ከፋኝ። አልደብቅም፤ ያን ሁሉ ቀን ከቀለድኩበት ሁሉ ይልቅ ይቺ አንዲት ቃል ከፋችኝ። ፔዳሉን ረገጥኩት፤ ሞተሩ እንኳ ጠፍቶ ነበር።

ወይዘሮ ማርታ ከቤት ወጡ። በእጃቸው በኮባ የታሰረ ቅቤና የህሊናን ሻንጣ ይዘዋል፤ እሳቸው ምንም አልሰሙም ነበር፤ ሻንጣውን ራሳቸው አዘጋጅተው ጨርሰዋል። ከመኪናው አጠገብ አስቀመጡና «ልጅህ ነው፣ ውሰዳት» አሉኝ። «የእናት ሆድ አውቃለሁ። እኔ ብሆን እወስደው ነበር። ቅቤው ለወለደች ጊዜ ነው፣ ለገንፎው።» ከዚያ ዞር ብለው እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ጴጥሮስ በወላይትኛ የሆነውን ነገራቸው። ህሊናን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሻንጣውን አዩ። ደስ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ግን ደስታቸውን እኔ ፊት ሊያሳዩት አልቻሉም። ያንንም አከበርኩላቸው።

ይልማ ብቻ ተደሰተ። «ታዲያ ጥፋቱ የኔ አልነበረም!» አለ።

«የአንተም ነበር» አልኩት።

ለባለቤቴ ልደውል ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ አልነበረም። ቢኖርም የምደውል አይመስለኝም። ህሊናን ግንባሯን ሳምኳትና «እነግራታለሁ» አልኳት። ምን ብዬ እንደምነግራት ግን አላውቅም ነበር።

ረቡዕ

በጠዋት ተነሳን። ወይዘሮ ማርታ ቅቤውን ይዤ እንድሄድ ተከራከሩኝ፤ ለአራሷ ይቅር ብዬ ተከራከርኩ፤ እኩል ተካፈልነው። ጴጥሮስ ተሰነባብቶን «ጋሼ፣ ትናንት ስለጮህኩብዎት ይቅር ይበሉኝ» አለኝ። ስለ ጩኸቱ እንጂ ስለሌላው ነገር ይቅርታ አልጠየቀም። እኔም አልጠበቅኩትም።

በመልሱ መንገድ መኪናዋ እንዲህ ሄዳ አታውቅም። ያን ዳገት ያለምንም ሽታ ወረድነው፤ ያ ገበሬ በራፉ ላይ ቆሞ እጁን አነሳልን። ይልማ እግሩን በፔዳሉ ላይ ደጋግሞ ጫን እያደረገ «ይህ ባዶ እርግጫ ግን…» ሲል፣ ብትነካው ከመኪናው እወርዳለሁ አልኩት። ለባለቤቴ የምለውን በልቤ ስደረድርና ሳፈርስ ዋልኩ። የጤና ባለሙያ ናት፣ አዋላጇን ታምናለች ልበል? ባሏ ልበል? የተበላሸው መኪና ነው ብዬ ልጀምር? አዲስ አበባ የይልማ ዘመድ ቤት አደርን።

ሐሙስ

ደብረ ብርሃን የደረስነው ገና ፀሐዩ ሳይሞቅ ነው። ብርዱ ፊቴን ሲመታኝ አገሬ መግባቴን አወቅኩ። ባለቤቴ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ የቤት ጫማዋን ሳትቀይር በሩጫ ወጣች። ወደ እኔ አልመጣችም። የኋላውን በር ከፈተች። ባዶ ነው።

በሩን ይዛ ቆመች። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝና እውነቱን ብቻ ነገርኳት፦ ልትመጣ አልፈለገችም፤ እዚያ ልትወልድ ነው፤ ቤቴ እዚህ ነው ብላለች፤ አንቺን ግን እፈልጋታለሁ ብላ አልቅሳለች። ስለ ወይዘሮ ማርታ ሻንጣም ነገርኳት። ይልማ መሪውን ይዞ ወደፊት ብቻ ያያል። ጩኸት ጠበቅኩ፤ ምን አድርጋችሁ ነው ያስከፋችኋት የሚል ጥያቄ ጠበቅኩ፤ ቢያንስ ለቅሶ ጠበቅኩ።

ባለቤቴ የኋላውን በር በቀስታ ዘጋችው። ወደ ወንድሟ መስኮት መጣችና «ይልማ፣ ሞተሩን አታጥፋው» አለችው። ከዚያ ልብሷን ልትይዝ ወደ ቤት ገባች።